አንድ የቡና ተክል ስንት ኪሎ ይመዝናል?

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎቻችን ቀላል የሚመስል ጥያቄ አቀረብንላቸው። «ከመስኮቱ ውጭ የሚታየው የቡና ተክል ስንት ኪሎ ይመዝናል?» አልናቸው። አንዱ ተማሪ እጁን እንኳ ሳያወጣ «ነቅለን እንመዝነው!» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ቤተሰቦቿ ወናጎ ውስጥ በቡና የሚተዳደሩ አንዲት ተማሪ ግን ከኋላ ሆና «የማንን ቡና ነው የምትነቅለው?» ስትል ጠየቀችው። ሳቁም በዚያው ቆመ።

እኛ ሁለቱም ተማሪዎች ትክክል ናቸው እንላለን። የመጀመሪያው የሳይንስን ፍላጎት፣ ሁለተኛዋ የገበሬውን ጥቅም ተናገሩ። በዚህ ጽሑፍ የምንሟገተው የእነዚህ ሁለት ሰዎች ጥያቄ አንድ ሆኖ መመለስ እንዳለበት ነው። የጌዴኦን ጓሮ የሚለካው ሳይንስና የጌዴኦን ቡና የሚሸጠው የንግድ ሰንሰለት እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ሲጓዙ ቆይተዋል፤ ተገናኝተው ሲሠሩ ግን እምብዛም አናይም። ካልተገናኙ ደግሞ የሚጎዳው ሳይንቲስቱም ነጋዴውም ሳይሆን ከአንድ ሄክታር ባነሰ መሬት ላይ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው ገበሬ ነው።

ደን የሚመስል እርሻ

እንደሚታወቀው ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከዲላ ተነሥቶ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋጨፌ የሚዘልቅ መንገደኛ ግራና ቀኝ የሚያየውን ልምላሜ «ደን ነው» ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። ነገር ግን ያ ደን የሚመስለው ሁሉ እርሻ ነው። ከላይ ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ሰሳውና ሾላው ጥላቸውን ይጥላሉ። ከእነርሱ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና፣ ከቡናው በታች ደግሞ ጎደሬና ጎመን ይበቅላሉ። በደጋው እንሰትና ዛፍ፣ በመካከለኛው ከፍታ እንሰት፣ ቡናና ዛፍ፣ ዝቅ ባለው ሥፍራ ደግሞ ቡና፣ ፍራፍሬና ዛፍ ተዋሕደው ይገኛሉ።

ዶ/ር ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 ሆላንድ አገር በሚገኘው የቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለሦስተኛ ዲግሪ ያቀረቡት ጥናት የጌዴኦን የመሬት አጠቃቀም የሚመረምር ሲሆን፣ ርእሱ ስለ አምስት ሺህ ዓመታት ዘላቂነት ያወሳል። የርእሱ መጨረሻ ግን አራት ነጥብ ሳይሆን የጥያቄ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ምዝገባው የሚያኮራ ቢሆንም የጥያቄ ምልክቱን አላነሣውም። የሕዝቡ ቁጥር ጨምሯል፤ መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እየተከፋፈለ ጠብቧል፤ በአንዳንድ ሥፍራዎችም ጫትና ባሕር ዛፍ የእንሰቱንና የቡናውን ቦታ እየያዙ ነው። እንግዲህ ይህ ጓሮ ምን ያህል እንደሚይዝና ምን ያህል እንደሚያጣ በቁጥር ማወቅ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

ሳይነቅሉ መመዘን

አንድ ተክል ውኃው ተንኖ የሚቀረው ደረቅ ክብደቱ በሳይንሱ ቋንቋ ባዮማስ ይባላል። ከዚህ ደረቅ ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ታዲያ የቆመን ተክል ሳይነቅሉ እንዴት መመዘን ይቻላል?

መልሱ ጥቂቶችን መሥዋዕት አድርጎ ብዙዎችን ማትረፍ ነው። ተመራማሪዎች የተወሰኑ ተክሎችን ይቆርጣሉ፤ ግንዱን፣ ቅርንጫፉን፣ ጭራሮውንና ቅጠሉን ለየብቻ ይመዝናሉ፤ ናሙናውን በማድረቂያ ምድጃ ያደርቃሉ። ከዚያም ከመቁረጣቸው በፊት የለኩትን የግንድ ውፍረት ከተገኘው ክብደት ጋር የሚያገናኝ ቀመር ይፈልጋሉ። ቀመሩ አንድ ጊዜ ከተገኘ በኋላ ሜትር ወይም ካሊፐር ብቻ ይበቃል።

ይህ ሥራ ለእኛ አካባቢ ተሠርቷል። ዶ/ር መሰለ ነጋሽ በሔልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ለሦስተኛ ዲግሪያቸው ባደረጉት ምርምር፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በስምጥ ሸለቆው ደቡብ ምሥራቃዊ አፋፍ ላይ ለሚበቅል ቡና የሠሩትን ቀመር እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመዋል። ቀመሩ እጅግ አጭር ነው። ከመሬት 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ የግንዱን ዲያሜትር በሳንቲ ሜትር መለካት፣ በራሱ ማባዛት፣ ከዚያም በ0.147 ማባዛት። የሚገኘው ከመሬት በላይ ያለው ደረቅ ክብደት በኪሎ ግራም ነው። የግንዱ ዲያሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 5 በ5 ሲባዛ 25፣ 25 በ0.147 ሲባዛ 3.7 ኪሎ ያህል ይሆናል። የተማሪዎቻችን ጥያቄ በዚህ ተመለሰ፤ የማንም ቡና አልተነቀለም።

ዲያሜትሩ በራሱ የሚባዛው ለምንድን ነው? የግንዱ ቁርጥ ስፋት ከዲያሜትሩ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ነው። ግንድ ከላዩ ያለውን ሁሉ የሚሸከም ምሰሶ፣ ውኃም የሚያሻግር ቧንቧ ነውና፣ የሚሸከመው ሲጨምር ስፋቱም ይጨምራል። ከዚሁ አንድ ማስጠንቀቂያ ይከተላል። ዲያሜትሩን ስንለካ 10 በመቶ ከተሳሳትን በክብደቱ ላይ የምንሳሳተው 10 በመቶ ሳይሆን 21 በመቶ ነው። ቡናው ተጎንድሎ ብዙ ግንድ ካወጣም የእያንዳንዱን ግንድ ካሬ ለየብቻ አስልቶ መደመር እንጂ አማካዩን ወስዶ ማባዛት ስሕተት ነው።

በጥናቱ ውስጥ ለእኛ ከሁሉ የበለጠው ቁም ነገር ሌላ ነው። ይህ እዚሁ የተሠራ ቀመር በሌሎች አገሮች ከተዘጋጁ ቀመሮች ይልቅ የእኛን ቡና ክብደት በተሻለ ሁኔታ ገምቷል። የቡናው ዝርያ አንድ ቢሆንም አያያዙ፣ ጥላውና ቅርጹ ይለያያል። እንሰት ደግሞ ጭራሽ እንጨት የሌለው፣ ቅጠሎቹ ተደራርበው ግንድ የመሰሉበት፣ ውኃ ያዘለ ተክል በመሆኑ የራሱ ቀመር አስፈልጎታል፤ ያም በእነዚሁ ተመራማሪዎች ተሠርቷል። በሰው ሜትር የራስን ጓሮ መለካት እንደማያዋጣ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ከሰማይ ሲታይ

«ዘመኑ የሳተላይት ነው፤ በሜትር መንከራተት ለምን አስፈለገ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነውና ፊዚክሱን እንመልከት።

ጄዳይ የተባለው የአሜሪካ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ተተክሎ የዛፎችን ቁመት በሌዘር ብርሃን ይለካል። ብርሃኑ ወደ ምድር ይወርዳል፤ ከፊሉ ከዛፉ ጫፍ፣ ከፊሉ ከመሬት ነጥሮ ይመለሳል። በሁለቱ መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት የዛፉን ቁመት ይነግረናል። ለአንድ ሜትር ቁመት ልዩነቱ 6.7 ናኖ ሰከንድ ያህል ነው። ድንቅ ሥራ ነው። ሆኖም ብርሃኑ መሬት ሲደርስ 25 ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ያርፋል። ተዳፋትነቱ 30 በመቶ በሆነ የጌዴኦ ኮረብታ ላይ የዚያ ክብ ላይኛውና ታችኛው ጫፍ በከፍታ 7.5 ሜትር ይለያያሉ። የቡና ተክል ቁመት ከዚህ በእጅጉ ያንሳል። ስለዚህ የቡናው ምልክት ከኮረብታው ምልክት ጋር ተደባልቆ ይጠፋል። ሰማዩ ዋንዛውን ያያል፤ ከዋንዛው ሥር ያለውን ቡና ግን አያይም።

ይህ የቴክኒክ ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለሙያዎቹ በተውነው ነበር። ነገር ግን ከገበያ ጋር ተያይዟል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት ከታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ተመንጥሮ በለማ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ተወስኗል። ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም አልተሻረም። ሕጉ በዛፍ ጥላ ሥር ሰብል የሚለማበትን ጥምር እርሻ ከወይራ ዘይት እርሻ ጋር በአንድነት ጠርቶ «ደን አይደለም» ይላል። በወረቀት ላይ ጉዳዩ ግልጽ ነው። ከሰማይ የሚያይ ካርታ ግን የጌዴኦን ጓሮ በቀላሉ «ደን» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ገበሬው ያረጀ የጥላ ዛፍ ቆርጦ አዲስ ሲተክልም ካርታው «ደን ተመነጠረ» ሊል ይችላል። በዚያን ጊዜ የገበሬው ጠበቃ ማን ነው? «ይህ ጓሮ እዚህ ነበረ፣ ይህን ያህል ቡናና ይህን ያህል ዛፍ ነበረው» የሚል፣ ቀን የተጻፈበት የምድር ልኬት ብቻ ነው።

ሌላም ምሳሌ እንጨምር። ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ ሕጉ አንድ የካርታ ነጥብ ብቻ ይጠይቃል፤ ነጥቡ ግን እስከ ስድስት የአሥርዮሽ አኃዝ እንዲጻፍ ያዛል። ስድስተኛው አኃዝ በምድር ላይ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በጥላ ዛፍ ሥር የተያዘ የእጅ ስልክ ደግሞ በሜትሮች ይሳሳታል። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ተጽፈዋል እንጂ አልተለኩም። ተማሪዎች ሆይ፣ በቤተ ሙከራ ስለ ጉልህ አኃዞች የምንነግራችሁ ለፈተና ብቻ እንዳልሆነ ልብ በሉ!

ስምና ቁጥር

ከላይ የወይራ ዘይትን ያነሣነው በአጋጣሚ አይደለም። በአገራችን ወይራ የታወቀው በወተት ዕቃ ማጠኛነቱና በጠንካራ እንጨቱ ነው። በሜዲትራኒያን ዙሪያ ግን የቅርብ ዘመዱ ዘይት ይሰጣል። ገበሬዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ፍሬውን ይጨምቃሉ፤ አውሮፓም እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የምርቶችን የትውልድ ሥፍራ ስም በሕግ ትጠብቃለች። እዚያ ስም ብቻውን አይቆምም። ከፍተኛው የዘይት ደረጃ የሚሰጠው አሲድነቱ ከ0.8 በመቶ ላልበለጠና በቀማሾች ቡድን ለተመሰከረለት ብቻ ነው። ስሙን የሚጠብቀው ቁጥሩ ነው ማለት ነው።

እኛስ? ኢትዮጵያ «ይርጋጨፌ»፣ «ሲዳሞ» እና «ሐረር» የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ማመልከቻ አቅርባ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ላይ ደርሳለች። ስሙን ለማስከበር የተደረገ ታላቅ ትግል ነበር። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2002 የተመሠረተው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ከ20 በላይ መሠረታዊ ማኅበራትን አቅፎ የኦርጋኒክና የፍትሐዊ ንግድ ምስክር ወረቀት ያለውን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ ሲልክ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ ቡናን ማገበያየት ሲጀምር ግን አብዛኛው ቡና በአካባቢና በደረጃ ተደባልቆ ይሸጥ ስለነበር የየትኛው መፈልፈያ እንደሆነ መለየት አልተቻለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በተጀመረው ማሻሻያ የቡናን ምንጭ ለይቶ የመሸጥ በር እንደገና ተከፍቷል።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው፣ የቡናን ዋጋ ፍሬው ብቻ ሳይሆን ከፍሬው ጋር የሚጓዘው መረጃ ጭምር እንደሚወስነው ነው። እሸቱ ከገበሬው ወደ መፈልፈያው፣ ከመፈልፈያው ወደ ዩኒየኑ፣ ከዩኒየኑ ወደ ሐምቡርግ ወደብ ሲጓዝ መረጃው በመንገድ ከጠፋ ዋጋውም አብሮ ይጠፋል።

ካርቦን ሀብታም ያደርገናልን?

እዚህ ላይ አንድ የተስፋፋ ተስፋ መፈተሽ ይገባል። «ጓሯችን ብዙ ካርቦን ስለያዘ ካርቦኑን እንሽጥ» የሚሉ አሉ። ስሌቱን እንሥራ። አንድ ገበሬ በግማሽ ሄክታር ላይ 1000 የቡና ተክል አለው፣ የእያንዳንዱም ውፍረት 5 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ደረቅ ክብደቱ 3675 ኪሎ ይሆናል። ግማሹ ካርቦን ነው፤ ካርቦኑ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለወጥ በ3.67 ስለሚባዛ 6.7 ቶን ያህል እናገኛለን። ለአንድ ቶን 10 ዶላር ቢከፈል ጠቅላላው 67 ዶላር ነው። ይህም በየዓመቱ የሚገኝ ሳይሆን የተክሎቹ የዕድሜ ልክ ክምችት ነው። የካርቦን ገበያ የሚከፍለው ደግሞ ለተጨማሪ ክምችት እንጂ ከአያት ለወረደ አይደለም። ዛፎቹና እንሰቱ ቢጨመሩ፣ ከተክሉ የሚበልጥ ካርቦን የያዘው አፈርም ቢቆጠር፣ ድምሩ ይጨምራል እንጂ ይህ ደንብ አይለወጥም።

የባሰም ነገር አለ። ክብደት ብቻውን ዳኛ ከሆነ ባሕር ዛፍ ያሸንፋል! በፍጥነት ያድጋል፣ እንጨቱም ብዙ ነው። ነገር ግን ቆጮ አይሰጥም፤ ለቡናም ጥላ አይሆንም። ስለሆነም የጓሮው ልኬት ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ምን ከምን ጋር እንደበቀለም መመዝገብ አለበት። የእኛ አቋም ግልጽ ነው፤ ልኬቱ የሚያስፈልገን ካርቦን ለመሸጥ ሳይሆን ስማችንንና ገበያችንን ለመጠበቅ ነው።

ምን ይደረግ?

በቅድሚያ ራሳችንን እንውቀስ። እኛም በውጭ አገር ሦስተኛ ዲግሪያችንን ስንሠራ የደከምንበትን ጽሑፍ ያነበቡት ጥቂት የሙያ ባልደረቦቻችን ናቸው፤ እንዲህ ያለ ጥፋት የአንድ የትምህርት ክፍል ብቻ አይደለም። የቡናው ቀመር ከታተመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ስንት የመሠረታዊ ማኅበር ጸሐፊዎች ሰምተውታል? ስንት የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህራንስ የካሬን ትምህርት በእርሱ አስተምረዋል?

ሥራው ከባድ አይደለም። የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት ያላቸው የገበሬ ቡድኖች በየዓመቱ እያንዳንዱን አባል በራሳቸው ተቆጣጣሪ እንዲጎበኙ ይገደዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአውሮፓ የኦርጋኒክ ሕግም አንድ ቡድን ከ2000 አባላት እንዳይበልጥ ወስኗል። ተቆጣጣሪው ለማንኛውም ጓሮው ድረስ ይሄዳል፤ ሜትር ይዞ ቢሄድ ምን ይጎዳዋል? ደግሞም 40 ተማሪዎች በክረምት ዕረፍታቸው በቀን ሦስት ሦስት ጓሮ ቢለኩ በአሥር ቀን 1200 ጓሮ ይለካሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን። የተለካው ቁጥር ለገበሬው ይመለስ። የማሳው ነጥብና መዝገብ በላኪው ወይም በገዢው እጅ ብቻ ከቀረ፣ ገበሬው ሌላ ገዢ በፈለገ ጊዜ ማስረጃውን ይዞ መሄድ አይችልም። በሕግ ነፃ ሆኖ በመረጃ ይታሰራል። መዝገቡ በመሠረታዊ ማኅበሩ ይቀመጥ፤ ግልባጩ ለገበሬው ይሰጥ፤ ውጤቱም ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት ሶንጎ ላይ በሚገባ ቋንቋ ይነገር። ዩኒቨርሲቲው ቀመሩን ይፈትሽ፣ ስሕተቱን ያርም፣ ባለቤትነቱን ግን ለባለቤቱ ይተው።

«ገበሬው የሚፈልገው ዋጋ እንጂ ቁጥር አይደለም» ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው። ገበሬው እሸቱን መፈልፈያው ደጃፍ ሲያወርድ መጀመሪያ የሚያየው የሚዛኑን ልሳን ነው። ቁጥር ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። እስከ ዛሬ ሚዛኑን ሲይዝ የኖረው ሌላ ሰው ነው።

የወናጎዋ ተማሪያችን በዕረፍቷ ጊዜ ከአባቷ ጓሮ 60 የቡና ተክሎችን ለክታ፣ ቁጥሮቹን በደብተሯ ጽፋ መጣች። ከሁሉም የወፈረው 9 ሳንቲ ሜትር ነበር። ውድ አንባብያን፣ በዚያው ቀመር ክብደቱን አስሉት፤ ከዚያም ሜትር ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ጓሮ ውጡ።